ስሜ ጣሏት ነው

ጎረቤቴ የከሰል አመድ ከደጅ ደፍታ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድበት የሚነሣው ሽታ ጎንደር ከተማ መካከል፣ ከገዛ ግቢዬ ድረስ ይመጣብኛል፤ እኔም የያዝሁትን ሥራ አስቀምጬ ጥቂት እቆማለሁ። የተወለድሁት በክረምት፣ ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ካለች መንደር ነው፤ በተወለድሁ ማግስት ደግሞ የተኛሁት እናቴ ጉያ ውስጥ ሳይሆን እንዲህ ያለ እርጥብ አመድ ላይ ነበር።

እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ዳዴ እንኳ ሳይሉ ሞተውባት ነበር። በአገራችን ልጅ የማይበረክትላት እናት ሕፃኑን አውጥታ አመድ መድፊያው ላይ ትጥለዋለች፤ ልጆቿ ያደጉላት ጎረቤት አላፊ መስላ ታነሣውና «የወደቀ ልጅ አገኘሁ፣ እባክሽ አሳድጊልኝ» ብላ ለዚያችው እናት ትሰጣታለች፤ ሞትም የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋዋል ይባላል። እኔን ያነሣችኝ ጎረቤታችን እትየ ስንዱ ናት፤ ስሜም ጣሏት ተባለ። ከዚያ በኋላ እናቴ በሰው ፊት ልጄ ብላ አልጠራችኝም፤ አንድ ሰው «ሸጋ ልጅ አለችሽ» ካላት «ኧረ የእትየ ስንዱ ናት» ብላ ፊቷን ታዞር ነበር። እኔ የሥርዓቱን ነገር ምኑን አውቄ፤ ትወደኛለች ወይስ አትወደኝም እያልሁ ዓይን ዓይኗን ሳይ እውል ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ስገባ፣ ከሌላ አገር የመጣ አስተማሪ ስም ሲጠራ እኔ ላይ ደርሶ ቀና አለና «ይኸ ስም ነው ስድብ?» አለ፤ ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ መንገድ ላይ እየጠበቁ «ማን ጣላት?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አፌን የምዘጋ አልነበርሁምና «አባትህ» እያልሁ ድንጋይ አነሣ ነበር። ገበያ ስንወርድ የሚያገኙን ሽማግሌዎች ግን ስሜን ሲሰሙ አይሥቁም፤ እናቴን ያዩና ራሴን ዳብሰው «እግዜር ያቆይሽ» ይሉኝ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ባቄላ ስንነቅል፣ አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና «እማ፣ ምነው ሌላ ስም ብታወጭልኝ?» አልኋት። እጇ ቆመ። «ሁለተኛ እንዳትይ» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ መንቀሏን ቀጠለች። እኔም አትወደኝም ማለት ነው ብዬ ቆረጥሁ።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ለትምህርት ጎንደር፣ ፒያሳ አጠገብ ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። የሰፈሩ ሴቶች ስሜን ሲሰሙ ከመንገድ የተነሣሁ መስሏቸው ከንፈር እየመጠጡ ዳቦ ያስይዙኝ ነበር፤ ዳቦውን እበላለሁ፣ ከንፈር መምጠጣቸውን ግን ጠላሁት። አክስቴም «በዚህ ስም ከተማ አይኖርም» ብላ ሰላም የሚል ስም አወጣችልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በጥር እናቴ ለጥምቀት መጣች። ገና በሩ ላይ ሳለች አክስቴ «ሰላም!» ብላ ስትጣራ፣ እኔም «አቤት» ስል ሰማች።

«ሰላም ማን ናት?» አለች እናቴ።

«ልጅሽ ናታ። ሰው ሲሥቅባት እንይ?» አለች አክስቴ።

«ይሣቁባት። እኔ ከእንግዲህ የምቀብረው ልጅ የለኝም። ስሟን መልሽልኝ።»

ይህን ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እናቴን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ እጄን ያዘችኝ፣ ግን አሁንም ልጄ አላለችኝም። አክስቴ ሰላም ብላ መጥራቷን ተወች፤ እኔም ስሜን ሲጠይቁኝ አንገቴን መድፋት ተውሁ።

አሁን እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ልጄን የወለድሁ ጊዜ ማን እንበላት ስንባባል፣ ጥግ ይዛ የተቀመጠችው እናቴ «ብርቄ በሏት» አለች። ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት ሕፃኗን እያየች «ለአንቺ ያሰብሁት ነበር፣ ገና በሆዴ ሳለሽ። ፈርቼ ሳልጠራሽ ቀረሁ» አለችኝ።

ዛሬ ሕፃናቱ ክትባት ያገኛሉ፤ በሰፈራችን አመድ ላይ የሚጣል ልጅ አላየሁም። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ስሜን የሚሰሙ ወጣቶችም «እንዴት ያምራል፣ የጥንት ስም» ይሉኛል፤ አመስግኜ አልፋለሁ። እናቴ ማንንም አትፈራም፤ ማታ ማታ ደጅ ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማት፣ «ብርቄ! ነይ ልጄ!» እያለች ትጣራለች። ልጄ በጨዋታ ተይዛ መልስ ለመስጠት ትዘገያለች፤ እኔም ጓዳ ሆኜ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «አቤት» እላለሁ።