ስምንተኛዋን ሳንጠብቅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሕሊና ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደ ቤት መጥታ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በእኛ ቤት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ምግብና መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው። ፊቷ ስላላማረኝ ግን ዝም አልኳት። እሷና አምስት ጓደኞቿ የእንሰት ቅጠል ፎቶ አይቶ ጤነኛውንና አጠውልግ የሚባለው በሽታ የያዘውን የሚለይ ፕሮግራም እያስተማሩ ነው። ፎቶው ብዙ ስለሆነ ለስድስት ላፕቶፕ አከፋፍለውታል። ስድስቱ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ በየዙሩ መጨረሻ የተማሩትን ያዋህዱና እንደገና ይቀጥላሉ።

«አባዬ፣ አንዷ ላፕቶፕ ሙድ እየያዘችብን ነው» አለችኝ። «አምስቱ ጨርሰው ቁጭ ብለው እሷን ይጠብቃሉ። ቆርጠን ልንጥላት ነው። የምናጣው ትንሽ ነገር ነው።»

«እሷ ላይ ያለው ፎቶ የማን ነው?» አልኳት።

«እኔንጃ። ምን ለውጥ አለው?»

አቮካዶ እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ልጆቼን ያሳደግኳቸው በትእዛዝ ነው። ውሸት የተናገረ ልጅ በዚህ ቤት ሳይቀጣ ያደረበት ቀን የለም። በዚያች ሰዓት ግን ትእዛዙ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ምክንያቱም የማዘዝ መብት እንዳለኝ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ዓመት ግድም በፊት ነው። ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ዲላ ውስጥ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ ገጽ በገጽ ቆፍሬ ተማርኩት። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ «አላውቅም» ማለት ሞት ይመስለዋል። የተማሩት ሰዎች «አላውቅም» ሲሉ ማንም አይታዘባቸውም፤ ወረቀታቸው ይመሰክርላቸዋል። ለእኔ የሚመሰክርልኝ ሥራዬ ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ መምህር ኤልያስ የሚባል ከሰሜን የመጣ ወጣት የኮሌጅ አስተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት ይሠራ ነበር። የታጠበ ቡና ፍሬ በፎቶ አይቶ ደህናውንና ጉድለት ያለበትን የሚለይ ፕሮግራም ሊሠራ አሰበ። የሚያስተማምን ኮምፒዩተር ጠጋኝ ፈልጎ እኔን በጊዜያዊነት አስቀጠረኝ። «ይህን በደንብ ከጨረስን ቋሚ የላብራቶሪ ሠራተኛ እንድትሆን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» አለኝ። «ወረቀት የለህም፤ ግን እጅህን አይቻለሁ።» ያቺን ቃል ጠዋት ስነሳም ማታ ስተኛም እደግማት ነበር።

ፎቶውን ያነሳነው ወናጎ አጠገብ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ጠዋት ከዲላ በሚኒባስ ስንወርድ ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ገና አልተነሳም። ማጠቢያው ጋ ስንቀርብ የገለባው ኮምጣጣ ሽታ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበለን ነበር። ከፍ ተደርገው በተሠሩት የማድረቂያ አልጋዎች ዳር ስምንት ሴቶች ቆመው፣ ፍሬው እርጥብ ሳለ ጉድለቱን ይለቅማሉ። ቡናው ከደረቀ በኋላ ጉድለቱ በቅርፊቱ ውስጥ ይደበቃል።

የእዚያ ሥራ አንድ ጥብቅ ልማድ አለው። እያንዳንዷ ሴት ከአልጋው የራሷ ድርሻ፣ የራሷ ሁለት ሰፌድ አላት፤ አንዱ ለደህናው፣ አንዱ ለተጣለው። ተቆጣጣሪው አይቶ ሳያልፍ የአንዷን ሰፌድ ከሌላዋ ጋር መቀላቀል ነውር ነው። የማን እጅ ምን እንዳሳለፈ መታወቅ አለበት። እናቴም ለቃሚ ስለነበረች ይህን ሕግ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ፎቶዎቹን በየሴቶቹ ስም ለይቼ አስቀመጥኳቸው። አልቀላቀልኳቸውም።

ከስምንቱ መካከል እድሜያቸው የገፋው እማማ ብርቄ ነበሩ። አንዷን ፍሬ አንስተው ያገላብጣሉ፣ ወደ ፀሐይ ያቀርባሉ፣ እንደገና ያገላብጣሉ። ሌሎቹ ሁለት ሰፌድ ሲሞሉ እሳቸው ግማሽ አይሞላላቸውም። አጠገባቸው የምትለቅም አንዲት ወጣት «እማማ፣ ፍሬዋን ሊድሯት ነው እንዴ እንዲህ የሚመረምሯት?» ብላ ስትቀልድባቸው «ብድራትስ ምን አለበት! አንቺ የመረጥሽውን ባል አይተነው የለ?» ብለው አልጋውን በሙሉ አሳቁት።

ወደ ኮሌጁ ላብራቶሪ ተመለስን። ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ፕሮግራሙ አንድ ፎቶ ያይና ይገምታል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ጥቂት ጥቂት ያስተካክላል። ሁሉንም ፎቶ እንዲህ እያየ በመቶ የሚቆጠር ዙር ይዞራል። አንድ ኮምፒዩተር ብቻውን ሦስት ሳምንት ይፈጅበት ነበር፤ የመምህር ኤልያስ የጥናት ማቅረቢያ ደግሞ የቀረው ከሦስት ሳምንት ያነሰ ነው። እኔ መጽሐፌ ውስጥ ሥራን ለብዙ ማሽን ስለማከፋፈል አንብቤ ስለነበር «ደቦ እንጥራ» አልኩት። ሳቀና «ጥራ» አለኝ።

የሚሠሩ ስምንት ኮምፒዩተሮች ነበሩን። ስምንት ሴቶች፣ ስምንት ማሽኖች፤ ከዚህ በላይ ምን ይመቻል? ለእያንዳንዱ ማሽን የአንዷን ሴት ፎቶዎች ሰጠሁት። ስምንተኛዋ ማሽን ከሁሉ ያረጀች ነበረች። ማራገቢያዋ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ተማሪዎቹ «አሮጊቷ» ይሏታል። አቅሟ ደካማ ስለሆነ ጥቂቱን ድርሻ፣ የእማማ ብርቄን ሰጠኋት። ያን ጊዜ ፍትሕ መስሎኝ ነበር።

በየዙሩ መጨረሻ ስምንቱ ቁጥራቸውን ወደ አንዱ ማሽን ይልካሉ፣ እሱ አማካዩን አውጥቶ ይመልስላቸዋል። ሰባቱ በቶሎ ይጨርሱና ተኮልኩለው አሮጊቷን ይጠብቃሉ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ቆሜ ማየቱ ያንገበግበኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን መምህር ኤልያስ ትምህርት ሊሰጥ እንደወጣ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የዘገየ ማሽን አይጠበቅ፣ ያለ እሱ ይቀጥል። አሮጊቷ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ጨርሳ አታውቅም።

አባቴ ማሳው ላይ ደቦ ሲጠራ ፈጣኑ ሰው ረድፉን ጨርሶ አይቀመጥም ነበር። ዞሮ የዘገየውን ሰው ረድፍ ከሌላኛው ጫፍ ጀምሮ ያግዘዋል። ይህን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ ያቺን መስመር የጻፍኩት።

ሥራው በማግስቱ ከሰዓት አለቀ። ውጤቱም ከጠበቅነው በላይ አማረ፤ መፈተኛ ፎቶዎቹም የተወሰዱት ከሰባቱ ማሽኖች ድርሻ ስለነበር ሊያምር ግድ ነው። መምህር ኤልያስ አቅፎ አነሳኝ። «እንዴት ፈጠነ?» ሲለኝ «አስተካከልኩት» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

እሱ ግን ቅን ሰው ነበርና፣ ለማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ ምስጋና እንዲሆን ብሎ የእያንዳንዷ ለቃሚ ምርጫ ከማሽኑ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ በአንድ ወረቀት አትሞ፣ እኔንም አስከትሎ ወሰደለት። ሰባቱ ሴቶች ከላይ ተቀራርበው ተቀመጡ። እማማ ብርቄ ብቻቸውን ከታች ወረዱ። ማሽኑ ደህና ያለውን እሳቸው ጥለውታል።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የታተመ ነገር ያምናል። አልጋው ድረስ ሄዶ «እማማ፣ ዓይንዎ ደክሟል መሰለኝ። ከነገ ጀምሮ ቤትዎ አረፍ ይበሉ» አላቸው።

እማማ ብርቄ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ማነው ደክሟል ያለው?»

«ማሽኑ ነው ያለው። ማሽን ደግሞ ለማንም አያዳላም።»

«ያ ሣጥን?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ የብርቄ ዓይን ነው የታመመው? አንተ ታውቃለህ።»

የሰባቱ ሴቶች እጅ በአልጋው ላይ ቆመ። መምህር ኤልያስም አየኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር።

«ማሽኑ እንደዚያ ነው ያለው እማማ» አልኩ።

እሳቸው ሁለቱን ሰፌዳቸውን አራግፈው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው፣ ቁልቁል በእንሰቱ መካከል ወረዱ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ትልቅ ውሸት የዋሸሁ አይመስለኝም። ቃሉ ግን አንድ በአንድ እውነት ነበር። ልጆቼን ስቀጣ ስለ ውሸት ብዙ አስተምሬያለሁ፤ እውነት በሆነ ቃል መዋሸት እንደሚቻል ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ የእሳቸውን ፎቶዎች ከፍቼ አንድ በአንድ እያጎላሁ አየኋቸው። ከጣሏቸው ፍሬዎች አብዛኞቹ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ነበረ፤ ተባይ የገባበት። የሌሎቹን ሴቶች ፎቶ ስከፍት እንዲህ ያለውን እየቸኮሉ ደህና ብለው አሳልፈውታል። ይህን ጉድለት የሚያስተምር ድርሻ የነበራት አሮጊቷ ማሽን ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ አፏን ዘግቼባት ነበር። በጥግ ቁጭ ብላ እየጮኸች ትሠራለች፤ የሚሰማት የለም።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ደብዳቤውን አስብ ነበር። በአራተኛው ቀን መምህር ኤልያስ ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። የቀን መቁጠሪያውን አየ።

«ሁሉንም ቀላቅለን፣ እኩል አካፍለን፣ አሮጊቷንም እየጠበቅን ብንሠራ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ።

«አምስት ቀን።»

«ያለን ሰባት ነው። ጀምር።»

የእያንዳንዷን ሰፌድ ለይቶ መያዝ ለተቆጣጣሪ ይጠቅም ይሆናል፤ ለማሽን ግን ስሕተት ነበር። የስምንቱን ፎቶ እንደ እህል ቀላቀልኩት። መብራት ሲጠፋ ከተቀመጠው ዙር እየተነሳን ቀጠልን። አምስተኛው ቀን ላይ አለቀ። ውጤቱ ከፊተኛው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቀዳዳዎቹን ግን ያያል። መምህር ኤልያስ ስሕተቱን ስሜን ሳይጠራ ጽፎ አቀረበ፤ አለፈም። ደብዳቤውን ግን አልጻፈልኝም።

«ሥራውን ታውቃለህ» አለኝ። «ግን እኔ ሳላይህ የምታሠራቸውን ማሽኖች ነው የማስረክብህ። ሦስት ቀን ዝም ያልክ ሰው ላይ አልፈርምም።»

ተቆጥቼ ወጣሁ። እውነቱን መሆኑን ያመንኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወደ ፎቶ ኮፒው ቤት ተመለስኩ።

ሥራ አስኪያጁ እማማ ብርቄ እንዲመለሱ ተስማማ። እሳቸው ግን ፍስሐ ገነት ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር። በይርጋጨፌ አድርጌ ሄድኩ። ዝናብ በማይጠበቅበት ወቅት ዘንቦ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ። እማማ ብርቄ እንሰት እየፋቁ አገኘኋቸው። ቆሜ ተናዘዝኩ፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ አንዷ መስመር፣ ስለ ዝምታዬ። እሳቸው መፋቃቸውን አላቆሙም።

«ያን ቀን ዓይንህ መሬት ላይ ነበር» አሉ። «እንደምታውቅ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም እማማ?»

«እኔማ ተናገርኩ፣ ጠየቅኩህ። የቀረው ያንተ ነበር።»

እንዲመለሱ ለመንኳቸው። «ቦታዬን ሌላ ሴት ይዛዋለች አሉ፤ እሷንስ ማን ያስነሳታል? በል ቁጭ በል፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው» አሉና ቆጮ ከጎመን ጋር አቀረቡልኝ። በላሁ።  እማማ ብርቄ ወደዚያ አልጋ አልተመለሱም። ይቅርታ ማግኘትና የሰበሩትን መጠገን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርኩት እዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ለት ለልጄ ነገርኳት። ሚስቴም ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ ለእሷም አዲስ ነበር። ሕሊና አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ፊቷን ለማየት አፈርኩ፤ እኔ የቀጣኋት ልጅ ናት።

«አባዬ፣ አንተ ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅብህም ነበር» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ለዚህ ነው የነገርኩሽ።»

አድርጊ ወይም አታድርጊ አላልኳትም። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና ያቺ የዘገየች ማሽን የያዘችውን ፎቶ ከፈተች። የመጣው ከቆቸሬ፣ ከፍታ ላይ ካለ ማሳ ነው፤ ቅጠሉ ከሌሎቹ ጠቆር ይላል፣ ሕመሙም ገና በጫፉ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር ብቻ ነው። ለጓደኞቿ ደወለችና «ሁሉንም ቀላቅለን እንደገና እናካፍለው» አለች። ከወዲያ በኩል የተቃውሞ ጫጫታ ተሰማ። «እንጠብቃለን አልኩ እኮ!» ስትል ድምፅዋ የእኔን ድምፅ መሰለኝ፤ እኔ ግን በእሷ ዕድሜ እንዲህ አላልኩም።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ላፕቶፑ አሁንም ከምግብ ጠረጴዛው አልተነሳም። ልጄ ክፍል ስትሄድ መብራቱ አለመጥፋቱን እንድከታተል ለእኔ አደራ ሰጥታኛለች። ሰው ሳያየኝ የማሠራውን ማሽን ከሃያ ዓመት በኋላ ተረከብኩ። ምሳችንን በጠረጴዛው ጥግ ተጠጋግተን እንበላለን፤ ማንም አላማረረም።