«ደህና ናት፣ ተመስገን»

«ደህና ናት፣ ተመስገን» አልኩ ዛሬ ለልጄ መምህር።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

ደህና አይደለችም። በዕረፍት ሰዓት አብሯት የሚጫወት ልጅ ካጣች ከርማለች። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትላለች።

ከትምህርት ቤት አስወጥተን ቤት እናስተምራት ወይስ ትቆይ የሚለውን፣ እኔና እናቷ መምህሯን ሰምተን ልንወስን ተስማምተን ነበር። ኮሙኑ፣ ማለትም የአካባቢያችን አስተዳደር፣ ቤት ማስተማርን ይፈቅዳል። የሰፈራችን የሮምሶስ ሐበሻ ግን «ባርነቨርን፣ የሕፃናት ጥበቃው፣ መጥቶ በራችሁን ያንኳኳል» እያለ ያስፈራራናል። ሐበሻው ራሱ ሊጠይቀን እንኳ አንኳኩቶ አያውቅም።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ የምናገረውን በኖርዌጅኛ አጥንቼ ሄድኩ። መምህሯ ፈገግ ብላ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ስትለኝ፣ አገር ቤት ያደገው አፌ ቀደመኝ። እሷም ደስ ብሏት ወደ ሒሳብ ውጤቷ አለፈች። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ «አባዬ፣ አልነገርካትም እኮ» አለችኝ።

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ደህና ናት አልካ!»

ቤት ከዋለች እንግዲህ መምህሯ እኔ ነኝ። «እንዴት ነሽ?» ብዬ ስጠይቃት የምትመልስልኝን ግን ዛሬውኑ አስተምሬያታለሁ።

መምህር ፊት እንዲህ አፋችሁ የከዳችሁ ካላችሁ፣ በኋላ እንዴት እንዳስተካከላችሁት ጻፉልኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ኮመንት ግን አልቀበልም። እሱማ ያውቃል፤ ያላወቀችው መምህሯ ናት።