በማም ኸድር ማሳ ላይ የቀረው ፈንጂ

ሽላን ፔንጅዊን በምትባል የድንበር ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። አንዲት ተማሪዋ የዱር ቅጠል ልትለቅም ወጥታ ፈንጂ ረግጣ ስትሞትባት ጠመኔዋን ጥላ ፈንጂ አምካኞች ዘንድ መጣች። እኔ የቡድኑ ሕክምና ረዳት ነበርኩ፤ ሥራዬ ቃሬዛ ይዞ መጠበቅ ነው።

ማም ኸድር የሚባሉ ሽማግሌ ማሳ ላይ አንድ ፈንጂ ቀርቶ ነበር። መሬቱ የጦርነቱ ስብርባሪ ብረት ስለሞላው መፈለጊያ መሣሪያችን በየእርምጃው ይጮኻል። ፈንጂውን በወታደርነታቸው ዘመን የቀበሩት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው።

«ከዚህ የሲሚንቶ ምሰሶ አሥር ሜትር፣ ከዚያኛው አሥራ ሰባት» አሉ። «በገመድ ለክቼ ነው።»

«በየት በኩል? ከምሰሶዎቹ በላይ ነው በታች?» አለቻቸው ሽላን።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት እኮ ሆነው!»

ምሰሶዎቹ በሃያ አንድ ሜትር ይራራቃሉ። ሽላን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በየምሰሶው ዙሪያ ክብ ሣለች፤ የሁለቱን ክብ እኩልታ ጽፋ አንዱን ከሌላው ቀነሰች። በምሰሶዎቹ መስመር ላይ ከመጀመሪያው ስድስት ሜትር፣ ከዚያ ወደ ጎን ስምንት ወጣላት።

«ክቦቹ ሁለት ቦታ ነው የሚገናኙት» አለች። «ወይ ስምንት ወደ ላይ፣ ወይ ስምንት ወደ ታች።»

አለቃችን ሆገር «መምህርት፣ ሒሳብሽ ሁለቴ ሊገድልሽ ነው?» አላት።

«አንዴ ይበቃኛል።»

ላይኛውን ሁለት ሰዓት ፈተሸችው። የዛገ ቆርቆሮ ብቻ።

«ታችኛው የጎርፍ መውረጃ ነው፤ ወስዶታል፣ በቃ እንሂድ» አለ ሆገር።

«ነገ ሊያርሱት ነው እኮ! አልሄድም።»

ወደ ታችኛው በደረቷ ተኝታ፣ አፈሩን በቀጭን ዘንግ ወጋ እያደረገች ቀረበች። በሒሳቧ ወደ ተከለችው ምልክት ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀራት ዘንጓ ጠጣር ነገር ነካ። በገመድ የተለካ ልክክ አይልምና ፈንጂው ከሒሳቡ ወደ እሷ ጠጋ ብሏል፤ ክርኗ ሊያርፍበት የቀረው ስንዝር ነው።

«ሽላን!» አልኩ። በጣቷ አፈሩን ጠረግ፣ ጠረግ አደረገች። አረንጓዴ ክዳን ብቅ አለ። ከዚያ በመጣችበት መንገድ ወደ ኋላ ተሳበች።

ከሰዓት በኋላ ከሩቅ አፈነዳነው። ማም ኸድር መሬት ላይ ዘፍ ብለው «እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ!» እያሉ አለቀሱ።

«ይነሡ አጎቴ» አለቻቸው። «እርስዎ ባይነግሩን አናገኘውም ነበር።»

በማግስቱ እንደ ደንባችን፣ መሬቱ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት፣ ሽላን ማሳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ረገጠችው። ሽማግሌው መጀመሪያ ዳር ቆመው አዩዋት፤ ኋላ ጫማቸውን አውልቀው ተከተሏት።