ድመቶቹ የሚሸሿት ሴት

ኔሪዳ ትሬጌንዛን ድመቶች አይወዷትም። የሚያንገበግባት ደግሞ ያሳደገቻቸው ራሷ መሆኗ ነው። የሁሉም እናት የሆነችውን ድመት እርጉዝ ሳለች ከአስፋልት ዳር አንስታ ያመጣቻት እሷ ናት። ክረምት ከበጋ በሞተር ዘይት ጣሳ ክዳን ላይ ምግብ የምታቀርብላቸውም እሷ። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ሁሉንም ከአፏ ነው የሰማሁት፤ እሷ ያልነገረችኝን ደግሞ ባሏ ጨምሮልኛል።

እኛ የምንዘራው ስንዴና ገብስ ነው። ስንዴ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ የትራክተር ሽቦ ቆርጥሞ ከዘር መሀል ሥራ ያስፈታሃል። ስለዚህ ድመት የሌለው የማሽን መጋዘን የለም። ችግሩ ድመት ሙቀት መውደዱ ነው። በምድር ደቡብ ስለሆንን ክረምታችን የሚጀምረው በግንቦት ነው፤ ብርዱ ሲገባ፣ ሲሠራ ውሎ የቆመ ትራክተር ለእነሱ ምድጃ ነው። ከኮፈኑ ሥር ሾልከው ይገቡና የሞተሩ ቀበቶ ቺንጊያው ላይ፣ ማራገቢያው ሥር ተጠቅልለው ያድራሉ። ጠዋት ሳያይ ቁልፍ ያዞረ ሰው ምን እንደሚገጥመው አልናገርም።

ለዚህ ነው ኔሪዳ ጠዋት ጠዋት ትልቁን መፍቻ አንስታ ኮፈኑን እንደ ደወል የምትደበድበው። "ውጡ! ውጡ እናንተ ዱርዬዎች!" ስትል ጆሯቸውን አጥፈው ከየስርቻው ይፈተለካሉ። ለእነሱ ኔሪዳ ማለት ያ ድምፅ ናት፤ ነፍሳቸውን ባዳነች ቁጥር ይበልጥ ይሸሿታል። እጇ አመድ አፋሽ ሆነ።

ባሏ ላየል በጤናው ዘመን ድመቶቹን ልብ ብሎ እንኳ አያያቸውም ነበር። ባለፈው መኸር ግን ከእህል ጎተራው መሰላል ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ዳነ፤ ሆኖም ከዘራ ይዞ ከቤት እስከ መጋዘን ከመድረስ በቀር ትራክተር ላይ መውጣት አልቻለም። ከአሮጌ ጭነት መኪና የተነቀለ ወንበር መጋዘኑ ጥግ አስቀምጦ እዚያ መዋል ጀመረ። በሳምንቱ አንዷ ድመት ጭኑ ላይ ወጣች። ከዚያ ሌላዋ ትከሻው ላይ። ዝገት የሚላት ቀይ ቡራቡሬ ደግሞ ጃኬቱ ውስጥ ገብታ አንገቷን ብቻ ብቅ ታደርጋለች።

ኔሪዳ ብቻዋን ስትዘራ ውላ አቧራ ለብሳ ትገባለች። እሱ ድመት እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል።

"ዋልክ?"

"እህ።"

"ሻይ ጠጣህ?"

"እህ።"

በቃ። ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ከባሏ የምታገኘው ይህን ነው። እጇን ወደ ዝገት ዘርጋ ስታደርግ ድመቷ ዘላ ከተከመረው ጎማ ኋላ ትሰወራለች። ላየል ያኔ ፈገግ ይላል፤ ያቺ ፈገግታ ቆሽቷን ታሳርራለች። "ምንም ሳያደርግ!" አለችኝ አንድ ቀን አጥራችን ላይ ተደግፋ። "አንድ ቀን እንኳ አብልቷቸው አያውቅም እኮ! ተቀምጦ ብቻ!"

አንድ ከሰዓት የዘር መዝሪያው ተበላሽቶባት ቀደም ብላ ተመለሰች። ከመጋዘኑ ጀርባ ቆማ መዝሪያውን ግራሶ ስትቀባ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ የሰው ድምፅ ሰማች። እንግዳ የመጣ መሰላት። ላየል ነበር።

"አየሻት ዝገት? የዘራችው መስመር ቀጥ ያለው እንደ ክር ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን እንደሷ አድርጌ ዘርቼ አላውቅም። እግሯን እያመማት ነው፤ ስትተኛ ስታቃስት እሰማለሁ። ግን በየት በኩል ልጠይቃት? ሥራውን ጥዬባት የተቀመጥኩ እኔ አይደለሁ?"

ሌላ ሴት ብትሆን በደስታ ታለቅስ ነበር። ኔሪዳ ግን በቅናት ጦፈች። ስድስት ወር ሙሉ እሷ አንዲት ቃል ስትለምን፣ ያ ሁሉ ወሬ ለድመት! እስካሁን ድመቶቹ ለምን እሱን ወደዱ ብላ ነበር የምትቀናው። አሁን ደግሞ በድመቶቹ ቀናች። ግራሶውን ጥላ ቤት ገባች። ራት ላይ የበግ ጥብሱን ፊቱ አስቀምጣ ራሷ ሳትበላ ተኛች።

በማግስቱ መጋዘን ገብታ መፍቻውን አነሳች። አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። "ዛሬስ ወዳጃችሁ ይቀስቅሳችሁ" አለች። ትራክተሩ ላይ ወጥታ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ ገና ሲያጓራ ከውስጡ የሕፃን ልጅ የመሰለ ጩኸት ወጣ። ደንግጣ አጠፋችው። ዝገት ከኮፈኑ ሥር ወደቀች፤ ደም በደም ሆና ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ጅራቷ ከግማሽ በላይ የለም።

ላየል ከዘራውን መሬት ላይ እየመታ ደረሰ። "አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ሳትደበድቢ አስነሳሽው? አንቺ?"

"አዎ እኔ!"

"ምን አደረገችሽ? ይቺ ምስኪን ምን አደረገችሽ?"

"እየው፣ አፍ አለህ ለካ!" ኔሪዳ ድመቷን በሹራቧ ጠቀለለቻት። "ውጣና መኪናው ውስጥ ግባ፤ ሐኪም ጋ እንወስዳታለን።"

ዝገት ያኔ አልሸሸቻትም፤ አቅም አልነበራትም። ኔሪዳ ላየል ጭን ላይ አስቀመጠቻትና ወደ ከተማ ነዳች። የጠጠሩን መንገድ ጨርሰው አስፋልት ገቡ። ከዚያ ኔሪዳ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣

"ትናንት ለሷ ስታወራ ሰማሁህ" አለች።

ላየል ሹራቡን ድመቷ ላይ አስተካከለ።

"ስለ እግሬ። ስለ መስመሩ። ሁሉን ሰማሁ። ለኔ የማትነግረኝ ጅራት ስለሌለኝ ነው?"

ላየል ወደ ጭኑ አየ፤ በደም የራሰውን ሹራብ አየ። "አሁንማ" አለ በቀስታ፣ "እሷም የላትም።"

ኔሪዳ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠና መንገዱን ጋረደባት፤ መኪናውን ዳር አቆመች። "እኔ ነኝ የቆረጥኳት፤ በቅናት፤ በዚህ ዕድሜዬ" እያለች አነባች። ላየል አንድ እጁን ከድመቷ ላይ አንስቶ ጉልበቷ ላይ አኖረ። "አፍሬ ነው ኔሪዳ" አለ። "ድመት ፊት አያሳፍርም። አንቺ ፊት ግን ያሳፍራል።" ድመቷ ስላቃሰተች ኔሪዳ እንደገና መንዳት ነበረባት።

ሐኪሙ የተረፈውን ጅራት አስተካክሎ ቆርጦ ሰፋላት። ዳነች።

ከዚያ በኋላ ላየል ለራሱ ሥራ ፈጠረ። ጠዋት ከኔሪዳ ቀድሞ መጋዘን ይገባና ምግብ ያለበትን ቆርቆሮ ያንቃጭላል። ድመቶቹ ከየሞተሩ ወጥተው እግሩ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም መውጣታቸውን ካየ በኋላ ከዘራውን ያነሳላታል፣ እሷ ታስነሳለች። ኮፈኑን በመፍቻ መደብደብ ቀረ። ታዲያ ቅናቷ በረደ? አልበረደም። "ከትራክተሩ ላይ ሆኜ ሳያቸው" ትለኛለች፣ "አሁንም ያንገበግበኛል። ዘይት ጣሳው ላይ ያበላኋቸው እኔ! ድብደባውን ካቆምኩ ወር አለፈኝ፣ አሁንም ይሸሹኛል።"

አንድ አመሻሽ ላይ የተዋስኩትን ብሎን ልመልስላት ብዬ መጋዘናቸው ሄጄ ነበር። ላየል ወንበሩ ላይ ሆኖ ለድመቶቹ ስለዚያ መሰላል ያወራል፤ ከወደቀ በኋላ መሬት ላይ ተጋድሞ ምን እንዳሰበ። ኔሪዳ ከሜዳ ገባች፤ ባልዲ ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ድመቶቹ ባንዴ ብትን አሉ። ላየል ወሬውን አላቋረጠም።