ስድብ የለመዱት ሻምፒዮን

ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጣልያናዊው ሻምፒዮን ከወንበራቸው ቀና ብለው «ስደቢኝ» ሲሉ የለመኑኝ ጊዜ ነው።

ሥራ ከጀመርኩ ገና አንድ ሳምንቴ ነበር። ሥራዬ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ዋይሊ በምትባል ከተማ፣ በሴት ልጃቸው ቤት ሽማግሌውን ቀን ቀን መንከባከብ ነው፤ ቁርስ ማቅረብ፣ ኪኒናቸውን ማስታወስ፣ ከወንበር ሲነሱ መደገፍ። ለዚህ ከወሰድኩት አጭር ሥልጠና በደንብ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ታማሚን ማበረታታት ነው። ስለዚህ ማንኪያ ወደ አፋቸው በወሰዱ ቁጥር «ጉድ ጆብ» እላለሁ። ውሃ ሲጠጡ «ጉድ ጆብ»። ያን ቀን ጠዋት ሲያስነጥሳቸውም ሳላስበው «ጉድ ጆብ» አልኩ።

«ለማስነጠሴ አድናቆት አልፈልግም» አሉኝ። «እኔ የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበርኩ ሰው ነኝ። እኔን ሥራ ያሠራኝ ስድብ ነው። አህያ በይኝ።»

«አልችልም» አልኩ ወለሉን እያየሁ።

«እንግሊዝኛው ከበደሽ?»

«አይደለም። ዕድሜዎ...»

«እንግዲያው ሽማግሌ አህያ በይኝ።»

አላልኳቸውም። እኔ ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲገባ ሁሉም ብድግ በሚልበት ቤት ነው። ልጃቸው «በስሙ ጥሪው፣ ደስ ይለዋል» ብላኝ ነበር፤ ምላሴ ግን እምቢ አለኝ። የአያቴን ዕድሜ የሚያህሉ ሰው በባዶ ስማቸው ከመጥራት ብዬ ነው «ሻምፒዮን» ማለት የጀመርኩት። እሳቸው ግን አክብሮት መሆኑን አላወቁም። የማሾፍ መስሏቸው በጣም ወደዱት።

ሻምፒዮኑ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፣ አጥንቱም ገጥሟል፤ ያልገጠመው የእሳቸው ፈቃድ ነው። የጠረጴዛውን ጫፍ ይዘው ይነሳሉ፣ ትንሽ ይቆማሉ፣ ከዚያ ከኋላቸው ወንበሩን ይዤ ስጠብቃቸው ተመልሰው ቁጭ። ሲነሱ ለመያዣ እንዲሆነን ወገባቸው ላይ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ እናስርላቸው ነበር። መጀመሪያ ያሰርኩላቸው ቀን ጎንበስ ብለው አይተውት፣ «የሚገርም ነው፣ ያሸነፈው ገንዳው፣ ቀበቶው የተሰጠው ለእኔ» አሉ። እውነተኛው የሻምፒዮንነት ቀበቶ ከማይክሮዌቩ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ወጥ ሳሞቅ ሳሞቅ እንፋሎቱ እየደረሰበት ጠርዙ ደብዝዟል።

ልጃቸው ኢንሹራንስ ቤት ትሠራለች። የዚያን ሰሞን የባሏ የሥራ ሰዓት ተቀንሶ ነበር፤ በመንገዳቸው ላይ ደግሞ ገና ሣራቸው በቅጡ ያልያዘ አዳዲስ ቤቶች ባለቤቶቻቸው የባንክ ዕዳውን መክፈል አቅቷቸው ጥለዋቸው ሄደው «የሚሸጥ» የሚል ተለጥፎባቸዋል። እሷም ሥራዋን ትታ አባቷን መጠበቅ አትችልም። ያን ሰኞ ጋራዥ ውስጥ ጠርታ ነገረችኝ።

«ዓርብ ጠዋት አካሄዱን የምትፈትሸው ነርስ ትመጣለች። ያለ ሰው ድጋፍ ተነሥቶ እስከ ፖስታ ሣጥኑ መሄድ ከቻለ እዚህ ይቀራል። ካልቻለ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ቦታ አስይዤለታለሁ።»

«ያውቃሉ?» አልኳት።

«ያውቃል። ሲያውቅ ደግሞ ባሰበት፤ ጭራሽ ቁጭ አለ» አለችና በወጥ ቤት ወረቀት ዓይኗን ጠረገች።

የምኖረው ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ከአጎቴ ጋር ነበር። አጎቴ ታክሲ ነጂ ነው፤ ኤርፖርት ነው የሚሠራው። መኪና ስላልነበረኝ ጠዋት ጠዋት ወደ ዋይሊ ያደርሰኛል፤ ማታም ይመልሰኛል። ዋይሊ በምሥራቅ፣ ኤርፖርቱ በምዕራብ ስለሆነ በየቀኑ ያማርራል።

«ሶ፣ ያንቺ ጣልያን ዛሬስ ተነሣ?»

«አልተነሱም።»

«ፓስታ ሠርተሽለት ይሆናል።»

እውነት ነው፣ ማክሰኞ ሠርቼላቸው ነበር። እንደ ቤታችን ፓስታውን ለሁለት ሰብሬ፣ በደንብ እስኪለሰልስ ቀቅዬ፣ በርበሬ ባለበት ስጎ አቀረብኩ። ሻምፒዮኑ አንዱን ፓስታ በሹካ አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ማን ነው የደበደበው?»

«እኔ ነኝ የቀቀልኩት።»

«በመጀመሪያው ዙር ተዘርሯል። ዳኛው ማስቆም ነበረበት።»

ይህን ብለው ጨርሰው በሉት፤ ጨመሩም። እኔ ደግሞ «ጉድ ጆብ» አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ስለሆነ ይሁን ዝምታው ከብዶኝ፣ ምሳ ላይ ስለ ድሮው መጠየቅ ጀመርኩ። ዓይናቸውን እያየሁ አይደለም፤ እግራቸውን እያየሁ ነው የምጠይቃቸው። እሳቸውም ለዚህ መልስ ነበራቸው። «ጥሩ ነው፣ እግሬን እይ። ቡጢ ከእጅ ይመጣል የሚል ሰው ተመትቶ አያውቅም። የሚመጣው ከእግር ነው።» ያ የተወራለት እግር በወፍራም ካልሲ ተጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ተኝቷል።

የተወለዱት በደቡብ ጣልያን፣ አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ነው። አባታቸው የዓሣ ሣጥን ተሸካሚ ነበሩ። እሳቸውም ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በየማለዳው ሣጥን ተሸክመው ከባሕሩ ዳር እስከ ገበያው ያለውን የድንጋይ ደረጃ ይወጡ ነበር። ቡጢ ያስተማራቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውየው ቀን ፀጉር ይቆርጣል፣ ሲመሽ ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሰፈሩን ልጆች ያሠለጥናል። ክፍሏ ማፈግፈጊያ አልነበራትም። ወደኋላ ያለ ልጅ ከመደርደሪያው የሽቶ ጠርሙስ ያወርዳል፤ ከዚያ የሚወርድበት ስድብ ከቡጢው ይብሳል። ኋላ ጋዜጦች «ወደኋላ የማያውቅ» ብለው የጻፉላቸው ጀግንነት የተጀመረው ጠርሙስ ከመፍራት ነው።

የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን ያደረጉት በከተማዋ የንግሥ በዓል ላይ፣ በወይን በርሜሎች ላይ በተነጠፈ ጣውላ ነበር። ሽልማቱ አንድ ትልቅ አይብ ነው። ቀጥሎ በቀላል ክብደት የጣልያን ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያ የአውሮፓው መጣ። በዚያ ግጥሚያ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ በነጥብ ይመራ የነበረው ተጋጣሚያቸው ነው። ፀጉር አስተካካዩ በእረፍቱ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ «እናትህ ብትሆን እስካሁን ዘርራው ቤት ገብታ እራት ትሠራ ነበር» አላቸው። ተነሥተው ሰውየውን በዝረራ አሸነፉ።

«በጣም ተናድጄ ነበር» አሉኝ። «የተናደድኩት በተጋጣሚዬ አልነበረም። ምን አድርጎኝ!»

በኋላ አንዲት የቴክሳስ ልጅ አገብተው መጡ፤ ዳላስ ውስጥ የወለል ሴራሚክ ሲያነጥፉ ኖሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ናቸው። ሻምፒዮንነታቸውን እንዴት እንዳጡት ግን አልነገሩኝም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ነርሷ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ራሴ ጠየቅኳቸው።

 መጀመሪያ የቡጢውን ሥርዓት አስረዱኝ። በየዙሩ መሀል ቡጢኛው ጥግ ላይ በርጩማ ይቀርብለትና ያርፋል። እረፍቱ ሲያልቅ አሠልጣኙ በርጩማውን ይዞ ይወጣል። ደወሉ ተደውሎ ያልተነሣ ቡጢኛ ተሸነፈ ማለት ነው።

«የእኔው ሰው በርጩማውን ከሥሬ ይመነጭቀው ነበር። 'ተነሥ፣ አንተ አህያ!' ብሎ። ካልተነሣሁ መሬት ነው የምቀመጠው። ያን ቀን ተጋጣሚዬ ግራኝ ነበር፤ ሲመታኝ ዋለ። እረፍት ላይ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። አልሰደበኝም። ፊቴን በፎጣ ጠረገልኝና፣ 'ልጄ፣ ጥሩ ታግለሃል' አለኝ። በርጩማውን አልወሰደውም። ደወሉ ተደወለ። እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ።»

«መነሣት አይችሉም ነበር?»

«እግሬ ደህና ነበር» አሉ። «ግን 'ጥሩ ታግለሃል' የተባለ ሰው አለቀለት ማለት ነው። አዘነልኝ። ያን ቀን አባት ሆነኝ። እኔ ደግሞ የምፈልገው አባት አልነበረም።»

ከዚያ ውሃቸውን ጠጡ። «ጉድ ጆብ» ከአፌ ሊወጣ ሲል ያዝኩት።

ማታ የአጎቴ ታክሲ ውስጥ እንደገባሁ፣ «ስድብ አስተምረኝ» አልኩት።

መኪናው ከመስመሩ ትንሽ ወጣ። «ምን አልሽ?»

ሁሉንም ነገርኩት።

«ኦኬ፣ ሞክሪ እስቲ። እኔ ጣልያኑ ነኝ። ቁጭ ብያለሁ።»

«እ... ትንሽ ቀርፈፍ ይላሉ። ይቅርታ።»

«በዚህ እኮ ሰው ይመረቃል! ድጋሚ።»

«ከእርስዎ ኤሊ ይሻላል።»

«ማለቴ፣ ኤሊ ምን አጠፋ? ደግሞ አንገትሽን አትድፊ፣ መሬቱን የምትሰድቢው ነው የሚመስለው።»

በዚህ መሀል አንድ ፒክአፕ መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ፊታችን ገባ። አጎቴ መስኮቱን አውርዶ በሁለት ቋንቋ የማልጽፈውን ተናገረ። መስኮቱን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማሽ? ሳልዘጋጅ ነው የመጣልኝ። ዲግሪም የለኝም።»

«እኔ እንዲህ አልችልም።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዥ፣ የኔ ምሁር። የሰደበ ሰው ሶሪ አይልም። ሶሪ ካልሽ ስድቡ ካንስል ሆነ።»

በማግስቱ ዓርብ፣ ነርሷ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ የቴክሳስ ሴት ነች። የጨርቁን ቀበቶ ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው፣ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን ፊታቸው አቆመች። «እኔ አልነካህም፣ አጠገብህ ነኝ። በራስህ ጊዜ፣ የኔ ማር» አለቻቸው። ልጃቸው ክንዷን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች። በሩ ተከፍቷል። ከበሩ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ መንገድ አለ፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ግን ከወንበሩ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሌላ ከተማ ይመስላል።

ሻምፒዮኑ ጠረጴዛውን ይዘው ተነሡ። እጃቸውን ወደ ምርኩዙ አዛወሩ። ቆሙ።

«በጣም ጥሩ! ጎበዝ! በቂ ነው ካልክ ደግሞ ምንም አይደለም!» አለች ነርሷ።

ይህን ስትል ፊታቸውን አየሁት። እንደ ሁልጊዜው ከኋላቸው ወንበሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ጉልበታቸው ገና አልታጠፈም፤ ሊያጥፉት ሲያስቡ ግን ከካልሲያቸው አወቅኩ። ተረከዛቸው ወንበሩን ሊፈልግ ወደኋላ መጣ።

ወንበሩን አነሣሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ልጃቸው።

ቆሜ ብመልስላት ኖሮ ወንበሩን መልሼ አስቀምጠው ነበር። አቅፌው በሩን አልፌ ወጣሁ፤ የሲሚንቶውን መንገድ እስከ ጫፉ ሄጄ ፖስታ ሣጥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዞር ስል ሻምፒዮኑ ምርኩዛቸውን እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። የነርሷ እጅ ከቀበቶው ጥቂት ራቅ ብሎ ቀርቷል። ማታ ከአጎቴ ጋር የተለማመድኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ፤ ኤሊውም ሳይቀር። ያለኝ አንድ ብቻ ነበር። በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ፣

«እናትዎ ቢሆኑ እስካሁን ደርሰው፣ ፖስታውን አንብበው፣ እራት ይሠሩ ነበር!» አልኩ።

ማዶ ሣር የሚያጭደው ጎረቤት ማሽኑን አጠፋ።

«ሶሪ» ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

ሻምፒዮኑ ቀላ አሉ። በጣልያንኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች። እስከ ዛሬ ልትተረጉምልኝ ፈቃደኛ አይደለችም። ከዚያ ምርኩዙን ወደፊት ገፉ። አንድ እግር፣ ሌላው እግር። ደፉን ሲሻገሩ ነርሷ እጇን ዘረጋች፣ በዓይናቸው መለሷት። በየእርምጃው ይናገራሉ፤ ይህ ሁሉ ለእኔ እንደሆነ ቋንቋውን ባላውቅም ገባኝ። ላባቸው እየወረደ መጡ፣ መጡ፣ የፖስታ ሣጥኑን በመዳፋቸው መቱት።

ከፍተው ያወጡት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ሁለት ፒዛ በአንድ ዋጋ የሚል ማስታወቂያ።

«ለዚህ ነው ያስለፋሽኝ?» አሉኝ እያለከለኩ። «ስድብሽም የተሰረቀ ነው። የፀጉር አስተካካዩ ነው።»

ልጃቸው በሩ ላይ በወጥ ቤት ወረቀት ዓይኗን እየጠረገች ታጣፊ ስልኳን ከፈተች። ያስያዘችውን ቦታ ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ለነርሲንግ ሆሙ ስትነግር ሰማኋት። እሳቸውም ሰሙ፤ ያልሰሙ መስለው የፒዛውን ወረቀት አጣጠፉ። ከዚያ በእጃቸው ወደኋላ ወንበሩን ፈለጉ።

ቀድሜ አነሣሁት።

«ቤት ነው የሚቀመጡት» አልኳቸው።

ዞረው መንገድ ጀመሩ። እኔም ወንበሩን ተሸክሜ ከኋላቸው ተከተልኩ። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው፤ ወንበሩን ደረቴ ላይ ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩት፣ አላስቀመጥኩትም።