እሽኮኮ በጎርጎራ ዳርቻ

እሑድ ሲሆን ሰው ልጆቹን አስከትሎ ከጥንቱ ግንብ ፍርስራሽ በታች በጣና ዳር ይንሸራሸራል። አንድ አባት ግን የሰባት ዓመት ልጁን እሽኮኮ አድርጎ በደንገሉ መሀል ያዘግማል። በክራቸው አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላቸው የልጅቱ ጫማዎች ሶላቸው መሬት አልነካም።

የሰው ምላስ መቼ ያርፋል! ልጆቿን ይዛ ከጎንደር የመጣች ፈህሚያ የምትባል እናት፣ "ወንድሜ፣ አውርዳት እንጂ! ይቺን የምታክል ልጅ አቀበጥሃት እኮ" ብላ ሳቀች።

"ዛሬ ፈረሷ እኔ ነኝ፣ እህቴ።"

ልጁ ከታመመች ወዲህ እግሮቿ ምንም እንደማይሰማቸው አልነገራትም። ለመንገደኛ ሁሉ የልጁን ገመና ለምን ይዘርግፍ?

ረግረጉ ጫፍ ላይ ድንጋይ መርጦ አስቀመጣትና እግሮቿን ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ ነከረ።

"ውይ አባዬ፣ እግሬን በረደኝ! አውጣኝ!"

ሊያነሳት የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

"እስቲ እንደገና በይው፣ የኔ እናት" አላት።