የኩታዋ ማደሪያ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢታሰር ምን ያህል ይሆናል? አቶ አምላኩ ይህን ለራሳቸው የጠየቁት ፍኖተ ሰላም ዳር ባለው ቤታቸው፣ መደቡ ላይ አፉን ከፍቶ የተጋደመ ሰማያዊ ሻንጣ ፊት ቆመው ነው።

ሻንጣውን ያመጣችው ልጃቸው ማርያማዊት ናት። በትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ ነርስ ሆና ትሠራለች። እናቷ ወለተጊዮርጊስ ካረፉ ወዲህ አባቷ ብቻቸውን ውለው ማደራቸው ቢያስጨንቃት፣ ለሠራተኛ ቤተሰብ በሚሰጠው ቦታ አስመዝግባ ልትወስዳቸው መጣች። መርከቡ ከሞምባሳ ሙቀት ይነሣል፤ ከመንገዱ መሐል ባለው በኬፕታውን ከተማ በኩል አልፎ በረዶ ወደሞላው ባሕር ይዘልቃል፤ በዚያው መንገድም ይመለሳል። ፓስፖርቱ ደርሷል፣ ጧት አውቶቡስ ይሳፈራሉ ተብሏል። አቶ አምላኩ ግን እሺም እምቢም አላሉም።

ብርድና ሙቀት ለእሳቸው እንግዳ አይደሉም። ጉልበታቸው እስኪዝል ድረስ ነጋዴ ነበሩ። ከደጋው ከፈረስ ቤት ድንችና ገብስ በበቅሎ ያወርዳሉ፤ ከቆላው ከሽንዲ በርበሬ ጭነው በቡሬ አድርገው ይመለሳሉ። ደጋ ያለበርኖስ አይታደርም፤ ቆላ በርኖስ የደረበ ሰው ያስቃል። ስለዚህ ሲወርዱ በርኖሳቸውን፣ ሲወጡ ቀጭን ኩታቸውን ከመንገዱ መሐል ካለ አንድ ቤት ይተዉ ነበር። የቤቱ ልጅ ወለተጊዮርጊስ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ትሰቅልና “መቼ ይመለሳሉ?” ትላቸዋለች። ቀኑን ይነግሯታል። ነግሮ መቅረት ነውር ነውና ይመለሳሉ። ያ ጥያቄ እያደር ትዳር ሆነ። ኩታውንም ኋላ እሷው ፈትላ አዲስ አሠራችላቸው። ቤቱ ይኸው አሁን የቆሙበት ነው፤ መስቀያውም እዚያው ግድግዳ ላይ አለ።

“አባየ፣ ኧረ ይቀመጡ! እኔ አጥፌ እከታለሁ” አለች ማርያማዊት።

“ቆይ እስቲ አንች። ይህ በረዶ ያልሽው አገር ሽቅብ ነው ቁልቁል?”

“ሽቅብም ቁልቁልም አይደለም። ባሕር እኮ ሜዳ ነው።”

“ሳይወጡ ደጋ መግባት!” አሉ አገጫቸውን ይዘው። “ታዲያ ደጋ መግባቱን ጉልበቱ ካልነገረው ለሰው ማን ይነግረዋል?”

“ጆሮዎ ይነግርዎታል። ብርድ መጀመሪያ የሚቆረጥመው እሱን ነው።”

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው መሪጌታ ዘሚካኤል በሶ በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ሻንጣውን ዞረው ዞረው አዩት።

“አያ አምላኩ፣ ይህን የሚሸከም በቅሎ ከወዴት ተገኘ?”

“ጎማ አለው፣ የኔታ። ራሱ ይሄዳል አሉ።”

“ይሂድ። ለመሆኑ ልጄ፣ እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም የሚባለው እውነት ነው?”

“እኛ በምንደርስበት ወቅት አትጠልቅም፣ የኔታ።”

“ታዲያ ጾም በምን ይፈታል?”

“በሰዓት ነዋ!”

“በየትኛው አገር ሰዓት?”

ማርያማዊት የእጅ ሰዓቷን አየት አደረገች። አቶ አምላኩ ግን ፊታቸው በራ። ሳትጠልቅ የምታድር ፀሐይ፣ ሳይወጡት የሚገባ ደጋ። ስንት ዘመን የተመላለሱበት ዓለም ለካ ሌላ ወገንም ኖሮታል! “ይኼንንስ ሄዶ ማየት ነው” አሉ።

ልጅቱ ይህችን ቃል ከአፋቸው ቀልባ በርኖሱን ማጠፍ ጀመረች። በርኖሱ ሻንጣውን ሊሞላው ምንም አልቀረው። ኩታዋን ከላዩ ስታነጥፍ አባቷ እጇን ያዟት።

“ሁለቱን ባንድ ላይ? ብርድ አገር ስገባ ኩታዋን ለማን ልተዋት ነው?”

“ለማንም አይተዉም። መርከቡ ራሱ ቤት እኮ ነው፤ አልጋ አለው፣ ቁም ሳጥን አለው። ቤትዎ አብሮዎት ይሄዳል።”

“አብሮኝ የሚሄድ ቤትማ አይጠብቀኝም።”

መሪጌታ በሶውን ቀስ አድርገው መደቡ ላይ አኖሩ። አቶ አምላኩ ያን ሁሉ ዘመን ያመላለሳቸው በርበሬው ይመስላቸው ነበር። አሁን ሲያስቡት፣ ከሽንዲም ከፈረስ ቤትም እግራቸውን ይጎትት የነበረው መስቀያው ላይ የቀረችው ልብስ ኖራለች።

“እሺ፣ እሄዳለሁ” አሉ በመጨረሻ። “አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ያ ከመሐል ያልሽው ከተማ ላይ አንድ ቤት ፈልጊልኝ። የሀብታም ይሁን አላልኩም። ኩታዬን ሰቅሎ፣ መቼ ትመለሳለህ የሚለኝ ሰው ያለበት ይሁን።”

“አባየ፣ እዚያ እኮ የማውቀው ሰው የለም።”

ጧት አውቶቡሱን ተሳፈሩ። ከሞምባሳ የተነሣው መርከብ ከቀናት በኋላ ኬፕታውን ላይ ውሎ ሊያድር ቆመ። አቶ አምላኩ ኩታዋን አጥፈው በክንዳቸው ይዘው ወረዱ። የቤቶቹን በር እያዩ፣ የተከፈተ ሲያገኙ ቆም እያሉ፣ ከልጃቸው ጋር ሲዞሩ ዋሉ። ሲመሽ ወደ ወደቡ ተመልሰው በር ላይ የቆመውን ዘበኛ በማርያማዊት አፍ ጠየቁት፦ “ይህችን ልተውልህና ስመለስ ልውሰዳት።”

ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው አለ ዘበኛው፣ በትሕትና።

“እንግዲያው ይቅር፤ እኔው እይዛታለሁ” አሉ አቶ አምላኩ። “አንተ ‘መቼ ትመለሳለህ?’ ብቻ በለኝ።”

ማርያማዊት ይህን ልትተረጉም አፏን ስትከፍት፣ ዘበኛው ከኋላቸው ወደተሰለፈው መንገደኛ ዞሮ ነበር።